ባሕር ዳር፦ ወንድሜን ማገገሚያ ቤት ከማስገባቴ በፊት ምን ልይ?

የወንድሟ እህት (እሑድ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሃምሳዎቹን ጀምሯል። ከፋሲካ በኋላ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፣ ንግግሩም ተይዟል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መልሱ ግን አልወጣ ይለዋል። የሚወጡት ቃላት «እሺ» እና «እንዴ» ብቻ ናቸው። ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ ልናስታምመው ሞክረን ነበር። ባለቤቱ በሕይወት የለችም። ወንዱ ልጁ አዲስ አበባ ነው፣ ሴቷ ገና ተማሪ ናት፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ባንክ ነኝ። የቀጠርናት ልጅ ከብዷት ሄደች። አልፈርድባትም፤ ያን የሚያህል ሰው ብቻዋን ማንሳት አትችልም።

አሁን ሐይቁ አካባቢ፣ ቪላ ቤት ተከራይተው የከፈቱት ትንሽ የማገገሚያ ቤት አግኝተናል። ዘጠኝ አልጋ አለው። ግቢው ንጹሕ ነው፤ የማንጎ ዛፍ አለው፣ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ውኃው ይታያል። ባለቤቲቱ ጥሩ ሰው ትመስላለች። «እዚህ ታካሚ የሚባል የለም፣ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» አለችኝ። ሰምቼ ደስ አለኝ። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ቤተሰብ ነን ያለችኝን ሴት ነርሷ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች፣ ደረሰኝ ትሰጣላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቃት የተጠራጠርኳት ይመስላል። ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ገብቶ ወንድሜን መጠየቅ የሚቻለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ተብያለሁ። ክፍያው ከደመወዜ ግማሹን ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ቤት ሰው ያስገባችሁ፣ የሠራችሁ ወይም የኖራችሁ ካላችሁ፣ ምን ልይ? ምን ብዬ ልጠይቅ?

የሌሊት ተረኛ (እሑድ፣ ማታ 3፡40)

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ነርስ ነኝ። በረንዳውንና ማንጎውን ተዪውና ጥያቄሽን ከሌሊቱ ጀምሪ። ቀን ቀን ሁሉም ቤት ሰው አለው፦ ወጥ ሠሪዋ አለች፣ ጽዳቷ አለች፣ ባለቤቲቱ አለች፣ ጠያቂ ይገባል ይወጣል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማን ይቀራል? በብዙ ትንንሽ ቤቶች የሚቀረው ዘበኛው ብቻ ነው። ዘበኛ በር ይጠብቃል እንጂ ሰው አያገላብጥም።

ሌሊቱ ላይ ለምን እንደምጸና ልንገርሽ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ሊቀየርለት ይገባል። አለዚያ ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው መጨረሻ ላይ የመኝታ ቁስል ይጀምራል። መጽሐፉ «ቅላት ፈልጉ» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ቶሎ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ በእጅሽ ዳብሰሽ ፈልጊ። ቁስሉ ሲከፈት ለማየት የሁለት ሌሊት ቸልታ ይበቃል፤ ለማዳን ግን ወራት ይፈጃል። እዚያ ቤት የተኛ ሰው ካለ አንሶላውን ገልጦ የሚያሳይሽ የለም፤ «የመኝታ ቁስል ያለበት ሰው አለ? የጀመረው እዚህ ነው ወይስ ይዞት መጣ?» ብለሽ ጠይቂ። አንድም ኖሮ አያውቅም ካሉሽ እኔ አላምናቸውም። «አንድ ነበረ፣ እንዲህ አደረግን» የሚል ቤት ይሻለኛል።

ሁለተኛው አመጋገቡ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ትን ይለዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው እንጀራውን ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ቀጭን ፈሳሽ፣ ማለትም ውኃና ሻይ ነው። ወንድምሽ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ወይም ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውኃ ውኃ የሚል ከሆነ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምች የሚመጣው በዚያ ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ የጎረሰውን መዋጡ እየታየ መመገብ አለበት፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሂጂ። አንዲት ሠራተኛ ሦስት ሰው ለሦስት እያጎረሰች ከሆነ ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ቤቱ ሰው አንሶታል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመድኃኒት መዝገብ ነው። ማን ሰጠ፣ መቼ ሰጠ፣ ፊርማው የታለ? ግፊቱስ የሚለካው መቼ ነው፣ ተጽፏል? «ግፊቱ ደህና ነው» የሚለውን አልቀበልም፤ ቁጥሩን አሳዩኝ ነው የምለው። ተሽሎታል ተብሎ የግፊት መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ሁለተኛ ስትሮክ ይዞት ሲመጣ አይተናል።

ሐይቅ ዳር ያደግሁ (እሑድ፣ ማታ 4፡05)

ባሕር ዳርን እንደ ክኒን የሚሸጧት በዙ። «የጣና አየር ያድናል» ይሉሃል። አየሩ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ያው ሐይቅ ትንኝም አለው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ በደንብ የሚገኝበት ከተማ ውስጥ ሆነሽ፣ በየአልጋው አጎበር ተሰቅሎ ካላየሽ በረንዳውን ይዘውት ይቅሩ። እጁን አንሥቶ ትንኝ ማባረር ለማይችል ሰው ነው የምናገረው።

ሌላ ደግሞ፦ ቪላው ፎቅ ነው? ወንድምሽን ፎቅ ላይ ካስተኙት በወር አንድ ጊዜ ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው የሚወርደው። የሐይቁን ውኃ በመስኮት እያየ ያረጃል።

ከውስጥ ሆኜ (ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30)

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እናንተ የምታወሩበት ቤት አይደለም፤ በሌላ በኩል ያለ ነው። ሲስተር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ግን ከእኛ ወገንም ይሰማ።

እኛ ቤት ሌሊት ሁለት ሰው ያድራል። ሁለቱን ለማቆየት ባለቤታችን ምን እንደምትከፍል እኔ አውቃለሁ። ልጆቹን እናሠለጥናቸዋለን፦ አንሶላ ሰው ተኝቶበት እንዴት እንደሚቀየር፣ ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንዴት እንደሚዛወር። ሥራውን ለምደው ቀና ሲሉ ሌላ ቦታ ትንሽ ጨምሮ ይወስዳቸዋል። መብራት ይጠፋል። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ባዶ ሲሆን በጀሪካን እንቀዳለን፤ ዘጠኝ ሰው ማጠብ በጀሪካን ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ቤተሰቡስ? የመጀመሪያውን ወር ከፍሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ የሚሰወር ሞልቷል። ሰውየውን አውጥተን በር ላይ አንጥለው። ክፍያው የሚሸፈነው ከሌሎቹ ምግብና ከእኛ ደመወዝ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አይጽፈውም።

የእሑዱን ነገር ላስረዳ። ሱስ ለማቆም የገቡ ሰዎች አሉን። ጠያቂ በየቀኑ ሲገባ በምሳ ዕቃ ውስጥ አረቄ፣ በዳቦ መካከል ጫት ይገባል። እናት ናት የምታስገባው፤ ልጇ ሲለምናት አንጀቷ አልችል ብሎ። ቀን የወሰንነው ለዚያ ነው።

የወንድሟ እህት (ሰኞ፣ ጠዋት 1፡55)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወንድሜ ግን የስትሮክ በሽተኛ ነው፤ የአረቄ ሕግ ለእሱ ለምን ይሠራል? አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው ማለት ነው?

ከካቲካላ የተረፍኩ (ሰኞ፣ ቀን 6፡20)

አዎ እህቴ፣ ተቀላቅሎ ነው። እኔ በመጠጥ ምክንያት እንዲህ ያለ ቤት ኖሬአለሁ፤ ከተማውንም ቤቱንም አልናገርም። አንድ ሳሎን ውስጥ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ፣ አጠገቤ ስትሮክ የመታቸው አባት፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ድምፅ የሚሰማው ወጣት። ሦስታችንም አንድ ቴሌቪዥን እናያለን፣ ለሦስታችንም አንድ ዓይነት ሕግ ነው። ጠዋት ተነሡ፣ ጸልዩ፣ ግቢ ዙሩ፣ ምክር ስሙ። አባትዬው መዞር አይችሉም፣ ስለዚህ እሳቸውን መሸከም የእኔ «ሕክምና» ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬውን ወደድኳቸው። ግን ሠራተኛ አልነበርኩም፤ አንድ ቀን አብረን ወደቅን።

ስገባ ስልኬን ወሰዱ። መታወቂያዬን ወሰዱ። ከዘመዴ በቀር ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም። መጠጡን ባንድ ጊዜ አስቆሙኝ፤ ሐኪም አላየኝም። በሁለተኛው ሌሊት ጥዬ ተነሣሁ፤ የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ የሰማሁት ከእነሱ ነው። የሚጥል በሽታ የለብኝም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥሎኝ አያውቅም።

ደግ ሰውም ነበረ፣ ልናገር። ወጥ ሠሪዋ እያንዳንዳችን ምን እንደማንበላ፣ ማን እንዳልተኛ፣ ማን እንዳኮረፈ ታውቅ ነበር። ባለቤቱ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ እሷን ቢያስቀምጣት ቤቱ ይለወጥ ነበር።

ግን የሁላችሁንም ጽሑፍ አነበብኩ፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይጠየቅ ቀረ። ወንድምሽ ምን አለ?

የሌሊት ተረኛ (ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡10)

ከካቲካላ ለተረፉት ወንድሜ፦ እንኳን ተረፉ። ሌሎች እንዲያውቁት ልጻፈው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠት፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ቫይታሚን ቢ1 መስጠት ያስፈልጋል፣ ማረጋጊያ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆስፒታል ውስጥ ወይም በሐኪም ክትትል መሆን አለባቸው። ማገገሚያ ቤት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ቤት ስትሮክንም አያውቅም ብዬ እፈርዳለሁ።

የሽምብጥ እናት (ሰኞ፣ ማታ 1፡20)

ልጄ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ጽሑፉንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ባለቤቴ እንዲህ ዓይነት ቤት ነበሩ። አንድ ነገር ላክልልሽ። ሁዳዴ ሲገባ የቤቱ ወጥ ቤት ሁሉ ጾም ይሆናል። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ዳቦ። ጤነኛ ይጾመዋል፣ ደስ እያለው። የቆሰለ ሰው ግን ዕንቁላሉንና ወተቱን ካላገኘ ሥጋው አይተካም። የንስሐ አባታችንን አምጥቼ ጠየቅሁ፤ «ለሕመምተኛ ፈቅጃለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ እንኳ ወጥ ሠሪዋ ለአንድ ሰው ብዬ ድስት አላረክስም አለችኝ። እኔው እየቀቀልኩ ወሰድኩ።

ስለዚህ በጾም ጊዜ ምን ታበላላችሁ በይ። ጸበል ይሂድ ካሉም ይሂድ፣ እኔ ራሴ ወስጃቸዋለሁ፤ ክኒኑን ግን ተዉ የሚል ካለ ልጄ ተጠንቀቂ።

እጅና እግር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡45)

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እዚሁ ባሕር ዳር እሠራለሁ። «ፊዚዮቴራፒ አለን» የሚል ጽሑፍ በር ላይ የለጠፈ ቤት ሁሉ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ፦ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ፣ ከሌላ ሥራው በኋላ የሚመጣ አንድ ባለሙያ ነው። እኔም እንዲህ ሠርቻለሁ። ነውር የለውም። ጥያቄው እሱ ከሄደ በኋላ በቀሩት ቀናት ማን ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ባለሙያው አንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል? «ጠዋት ለብሶ እንዲጨርስ አምስት ደቂቃ ጠብቁት፤ በግራ እጁ ቀኙን ይዞ ያንሣ፤ ከወንበር ሲነሣ እንዲህ ደግፉት» የሚል? ወይስ ሠራተኞቹ ቶሎ እንዲያልቅላቸው እነሱ ያለብሱታል?

ይኸኛው ብዙ ሰው የማያየው ጉዳት ነው። ሰውየው ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ሁሉ በፍጥነትና በፍቅር የሚያደርግለት ቤት ሰውየውን ሰነፍ አካል አስይዞ ያስወጣዋል። ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም ይቀጥላል፣ ግን እየዘገመ። የወንድምሽ ጊዜ አሁን እየሄደ ነው፤ ስለዚህ ቤት ፍለጋው በጣም አይርዘም።

ቀኝ እጁን ስቦ የሚያነሣው ሰው ካየሽ ዝም አትበይ። የሰነፈው ክንድ ትከሻው ላይ ልል ነው፤ ብብት ሥር ገብቶ ወደ ላይ መጎተት ወይም ክንዱን መሳብ ትከሻውን ከቦታው ያላቅቀዋል፣ ሕመሙ ደግሞ እጁን ለማሠራት ያለውን ፍላጎት ይገድላል። ወጌሻ አምጥተው እንዲያሹትም አትፍቀጂ። ወጌሻን እየናቅሁ አይደለም፤ ይኼ የአጥንት ጉዳይ ሳይሆን የአንጎል ጉዳይ ነው።

ንግግሩ መያዙ ከቀኝ ጎኑ ጋር አብሮ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ግራው ስለሆነ። ሰውየው ሞኝ አልሆነም። ሠራተኞቹ አጠገቡ ቆመው «ይሄ ዛሬ አልበላም» ብለው ሲያወሩ ስሚያቸው፤ እሱን ነው ወይስ ስለ እሱ ነው የሚያወሩት? አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቁታል? በሥዕል፣ በጣት፣ በፎቶ? ከሦስት የስትሮክ ሕመምተኞች አንዱ ገደማ የመንፈስ ጭንቀት ይይዘዋል፤ መናገር የማይችል ሰው ሲይዘው «ዝምተኛና ጨዋ ታካሚ» ይባላል።

ሐይቅ ዳር ያደግሁ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00)

ሽንት ቤቱን ረሱ እንዴ ባለሙያዎቹ? ቪላ ብሎ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ያለው ቤት ብዙ ነው።

እጅና እግር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡25)

አልረሳሁም፣ ልደርስበት ነበር። ትክክል ነው።

አንቀጽ 41 (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ሕግ አንብቤያለሁ፤ ጠበቃሽ ግን አይደለሁም። ሦስት ነገር ልጨምር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን እና ወላጅ ያጡ ልጆችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያንቺ ደመወዝ የሚከፍለው ክፍተት ያ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በዚያ ስምምነት መሠረት ወንድምሽ ንግግሩ ስለተያዘ ብቻ የት እንደሚኖር የመምረጥ መብቱን አያጣም። ከላይ የጻፉት ሰው «ወንድምሽ ምን አለ?» ያሉት የስሜት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሽንት ቤቱን ላነሡት፦ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ጠይቋል። መኖሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ቪላ ተከራይቶ ማገገሚያ ሲሆን ግን ግንባታው ያኔ የታሰበው ለሌላ ነበር። ስለዚህ ፈቃዳቸውን አይተሽ የወጣበትን ዘርፍ አንብቢ፦ የጤና ነው፣ የማኅበራዊ ድጋፍ ነው፣ ወይስ ንግድ? መልሱ ማን ሊቆጣጠራቸው እንደሚመጣ ይነግርሻል።

ሌላው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የአእምሮ ጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ተቋማትን መመዘኛ መሣሪያ አውጥቷል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ዓይን ያያል፣ ሰነድ ይመረመራል፣ ከዚያ ነዋሪው፣ ቤተሰቡና ሠራተኛው ለየብቻ ይጠየቃሉ። ባለቤቲቱ አጠገብ ቆማ ነዋሪውን መጠየቅ ጥያቄ አይባልም።

የወንድሟ እህት (ዓርብ፣ ማታ 3፡30)

ሄድኩ። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ፣ ሳልደውል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ። ዘበኛው መጀመሪያ «እሑድ ኑ» አለኝ። ባለቤቲቱ ድምፄን ሰምታ ወጣችና አስገባችኝ። ይህን በመልካም እመዘግብላታለሁ።

ጥሩውን ላስቀድም። አጎበር በሁሉም አልጋ ላይ አለ፣ ሁለቱ ብቻ ተቀድደዋል። ወንድሜ የሚተኛው ምድር ቤት ነው። ወጥ ሠሪዋ ማን ትን እንደሚለው፣ ማን ስኳር እንዳለበት ያለ ወረቀት ነገረችኝ፤ «ለእሳቸው አጥሚቱን ወፈር አደርገዋለሁ» ስትል ሲስተር ትዝ አሉኝ። አንድ ሙስሊም ነዋሪ አሉ፤ የስግደት ቦታቸውን ከአልጋቸው አጠገብ አመቻችተውላቸዋል።

መጥፎው። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ በነጠላ ወገባቸው ታስሯል። ለምን ስላቸው «እንዳይወድቁ» አሉኝ። የመድኃኒት መዝገቡን አሳዩኝ ስል ባለቤቲቱ ሳታንገራግር ሰጠችኝ፤ ንጹሕ ነው፣ በየቀኑ ተፈርሟል። ግን የምሽቱ ሦስት ሰዓት መድኃኒትም ተፈርሞ ነበር። እኔ መዝገቡን ስይዝ ገና አንድ ሰዓት አልሆነም። ጣቴን አስቀምጬ ሳሳያት ባለቤቲቱ ደነገጠች፤ የደነገጠችው ከልቧ ይመስለኛል። ተንከባካቢዋ «ኋላ ስለምንጣደፍ ነው» አለች። ሌሊት የሚያድረው አንድ ሰው ነው፤ እሷም ይህችው ልጅ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለችው።

ወንድሜን ጠየቅሁት። የቤቱን ፎቶዎች በስልኬ አንሥቼ ነበር፤ አንድ በአንድ አሳየሁት። አልጋውን ሲያይ «እሺ» አለ። በረንዳውን ሲያይ ትከሻውን ነቀነቀ። የሽንት ቤቱን ሲያይ በግራ ጣቱ ስክሪኑን ደጋግሞ እየመታ «እንዴ! እንዴ!» አለ። ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ሐይቅ ዳር ያደጉት ሰው ቀድመው አውቀውታል።

ከውስጥ ሆኜ (ዓርብ፣ ማታ 3፡50)

ስለታሰሩት አባት፦ እኛም ቤት አንድ ጊዜ እንዲህ ተደርጎ ነበር። ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ቤተሰቡ እኛን ነው የሚከሰው። ለክፋት አይደለም።

የሌሊት ተረኛ (ዓርብ፣ ማታ 4፡10)

ለክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ግን አልቀበለውም። የታሰረ ሰው ወንበሩን ይዞ ይወድቃል፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ነጠላው ሊያንቀውም ይችላል። ለምን ይነሣሉ ብሎ የጠየቀ አለ? ብዙ ጊዜ ሽንታቸው መጥቶ ነው፣ ወይም ወንበሩ ቆርቁሯቸው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ሰው ቢኖር ግማሹ መነሣት ይቀራል። እንደገና ወደ ሰው ቁጥር ተመለስን።

የተፈረመው መዝገብ ደግሞ ከነጠላው ይብስብኛል። የነጠላውን ሁሉም ያየዋል። መዝገቡ ግን መድኃኒት ያልወሰደን ሰው ወስዷል ይላል፤ ሐኪሙ በእሱ ላይ ተመሥርቶ መጠን ይጨምራል።

ከካቲካላ የተረፍኩ (ዓርብ፣ ማታ 4፡30)

እኔ ግን ይህ ቤት ከእኔው ቤት ይሻላል እላለሁ። መዝገብ ጠይቀሽ ሰጡሽ። እኔ የነበርኩበት መዝገብ አልነበረም፣ በሩም በማታ አይከፈትም ነበር።

አንቀጽ 41 (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00)

ከወሰንሽ በቃል አትግቢ። በውሉ ላይ ይጻፍ፦ ሌሊት ሁለት ሰው እንደሚያድር፣ አንቺ ወይም የወንድምሽ ልጆች በማንኛውም ቀን ልትጠይቁት እንደምትችሉ (የሚገባ ምግብ ይፈተሽ ካሉ ይፈተሽ፣ መብታቸው ነው)፣ ማሰር እንደማይፈቀድ፣ የመዝገቡን ቅጂ በየወሩ እንደምትወስጂ። ወንድምሽም በግራ እጁ ይፈርም ወይም በጣት አሻራው፤ ውሉ ፊቱ ይነበብለት። የመጀመሪያው ወር ሙከራ ይሁን፤ ከወጣ የተረፈው ገንዘብ ይመለስ።

የወንድሟ እህት (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡15)

ዛሬ ከባለቤቲቱ ጋር ተነጋገርን። ቤተሰብ ነን የሚለው ነገር ሳይነሣ ቁጭ ብለን ጻፍነው። የሌሊት ሁለተኛ ሰው እቀጥራለሁ ብላለች፤ ክፍያው ላይ ትንሽ ጭማሪ አለው፣ ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር ተስማምተን እንካፈላለን። ማሰሩን እስከምታቆም አላስገባውም ብዬ ነበር፤ ነጠላውን ፈታች፣ ለሽማግሌው ክንድ ማስደገፊያ ያለው ወንበር አምጥታለች። ሰኞ ማታ ሄጄ አያለሁ።

የሽንት ቤቱ ነገር ግን አልተፈታም። ሳህኑን ለመቀየር የቤቱ አከራይ አልፈቅድም ብሏል። እጅና እግር፣ መላ ካለህ?

እጅና እግር (ቅዳሜ፣ ማታ 2፡00)

አለ። አናጺ ጋ ሂጂና መቀመጫው መሐል ላይ የተቀደደ ጠንካራ የእንጨት ወንበር አሠሪ፤ ሳህኑ ላይ ተነሥቶ የሚቀመጥ። ቁመቱን በግምት አታሠሪ፤ ወንድምሽ ተቀምጦ እግሩ መሬት ሲነካ ከጉልበቱ ጀርባ እስከ ወለሉ ያለውን ለኪ፣ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምሪ፤ ከፍ ያለ ወንበር ለመነሣት ይቀላል። አራቱም እግር ጫፍ ላይ ጎማ ይለበጥበት፣ እርጥብ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት። ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ አስተክይ፤ ሲቀመጥ በግራ በኩል እንዲሆን፣ የሚይዘው በግራ እጁ ነውና። አናጺው በሁለቱም በኩል ላድርግልሽ ቢል ያድርግ፤ ቀኙም አንድ ቀን ይይዝ ይሆናል። ወንበሩ ሲደርስ ንገሪኝ፣ ከሥራ ስወጣ መጥቼ አነሣሡን ለሌሊት ተረኞቹ አሳያቸዋለሁ።